የዝምተኛው ዓይን

ኑ እስቲ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። አንቺም ልጄ፣ በር ላይ አትቁሚ፤ ግቢና ከእናትሽ ጎን ቁጭ በይ። የምነግራችሁ ነገር ያስፈራል፤ የሚያስፈራ ነገር ደግሞ ተጠጋግተው ሲሰሙት ይሻላል።

ያ ክፉ ዘመን ነው፣ ሰባ ሰባት። ሰማዩ ዝናቡን ከልክሎ፣ ደገኛው ወደ ቆላ፣ ቆለኛው ወደ ሱዳን የፈለሰበት ጊዜ። ሰዉ መተማን አለፈ፣ ገላባትን አለፈ፣ ገዳሪፍ ዙሪያ ባለው ሜዳ ላይ ፈሰሰ። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ያለምወርቅ የምትባል የአርማጭሆ ሴት ነበረች። ባሏ አንዳርጌ የማሽላ ቆረጣ አለ ሲባል ሰምቶ ሀዋታ ወርዷል። እሷ ልጇን ሉሉን ይዛ መጠለያው ውስጥ፣ በሣር ዳስ፣ ሱዳኖቹ ራኩባ በሚሏት ውስጥ ቀርታለች።

ሉሉ አፏን ገና የፈታች፣ ወሬ የምትወድ ልጅ ናት። ወንድም ነበራት፤ መንገድ ላይ ቀረ። ቀረ ስላችሁ ይገባችኋል። ስለዚህ ያለምወርቅ በምድር ላይ የምትፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሉሉም እንዳትቀር።

የገዳሪፍን አፈር ታውቁታላችሁ? ዋልካ ነው። በበጋ ደርቆ ይሰነጣጠቃል፤ ዶማ ሲያርፍበት እንደ ድንጋይ ይጮኻል። በመጠለያው ውስጥ ማለዳ ማለዳ የሚሰማው እሱ ነው። ጧ፣ ጧ፣ ጧ። ያ ድምፅ ሲጀምር ሴቶቹ ሥራቸውን ያቆማሉ፣ ማንም ማንንም አይጠይቅም። ያለምወርቅ ግን ሉሉን ወደ ደረቷ ስባ ጆሮዋን በመዳፏ ትደፍንላታለች።

በዚያ ቦታ የተማረችው ነገር ቢኖር አለማየት ነው። ውሃ ልትቀዳ ስትሄድ ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ስባ፣ ከፊቷ የምትሄደዋን ሴት ተረከዝ ብቻ እያየች ትሄዳለች። በሰሌን የተጠቀለለ ነገር ተሸክመው ሲያልፉ ፊቷን ታዞራለች። የጎረቤት ልጅ ሲያስል ሌላ ነገር ታስባለች። ሞት ዓይን ለዓይን ከተገጣጠምን የሚያውቀን መስሏት ይሆናል። ብቻዋን አልነበረችም፤ ሰዉ ሁሉ እንደዚያው ነበር። ያ ሁሉ ሕዝብ ትከሻ ለትከሻ እየተጋፋ ይኖራል፣ ግን የሚተያይ አልነበረም።

ከአንድ ሰው በቀር።

መንገዱ ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ላይ አንድ ግራር ነበረ። በግራ ወደ ውሃው በርሜልና ወደ መቃብሩ፣ በቀኝ ደግሞ የታመሙ ሕፃናት በማንኪያ ወተትና ገንፎ ወደሚሰጣቸው ድንኳን ያስኬዳል። ከግራሩ ሥር የጆንያ ቁራጭ ትከሻው ላይ ጣል ያደረገ፣ ጢሙ የጎፈረ ሰውዬ ይቀመጣል። አይናገርም። ሰላም ሲሉት አንገቱን ዝቅ ያደርጋል እንጂ መልስ የለውም። ሥራው ማየት ነው። እኛ ሰው ስናይ አየት አድርገን እናልፋለን፤ እሱ ግን ዓይኑን ያሳርፍብሃል። ከአገጭህ ጀምሮ ቀስ ብሎ እስከ ግንባርህ ይወጣል፣ ከዚያ እንደ ሰጋጅ ጎንበስ ይላል። አንዳንዴም ያለቅሳል። እንዲህ ያለ ሰው በደኅና ጊዜም ያስጨንቃል፤ በዚያ ጊዜማ!

«ዛሬም አፍጥጦ ዋለ» አለች ፋናዬ። ፋናዬ የያለምወርቅ ጎረቤት ናት፤ ባሏ የሞተባት፣ ከሰውነቷ ምላሷ ብቻ ያልከሳ ሴት። «የበላይነሽን ልጅ ትናንት አየው። ዛሬ ዶማው የተመታው ለማን ነው? ለበላይነሽ ልጅ።»

«ልጁ ታሞ አልነበር እንዴ?»

«የታመመ ሁሉ ይሞታል? እኔስ ታምሜ አልነበር? እኔን ስላላየኝ ነው እንጂ። ደግሞ እኔን ቢያየኝ ምኔን ሊበላ ነው፣ አጥንት ሊግጥ?» ብላ ሳቀች። ወዲያው ሳቁን ውጣ ወደ ያለምወርቅ ጆሮ ተጠጋች። «ስሙ ታከለ ነው አሉ። ኸሰሊጥ አጫጆች ጋር ነው የመጣ። ቡዳ ነው የኔ እመቤት። አፉን ዘግቶ በዓይኑ የሚበላ።»

ያለምወርቅ አላመነችም ነበር፤ ወይም አላመንኩም ብላ ነበር። ግን ቃሉ ከጆሮዋ ወርዶ ሆዷ ውስጥ ተቀመጠ።

በዚያው ሰሞን ሉሉን ተቅማጥ ያዛት። ያለምወርቅ አዝላት ወደ ድንኳኑ ስትሄድ በግራሩ ሥር ማለፍ ግድ ነው። አንገቷን ደፍታ እየፈጠነች ሳለ ሉሉ ከጀርባዋ ላይ ሆና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ጠየቀች።

«እማ፣ ይኸ ሰውዬ ምላስ የለውም?»

«ዝም በይ!»

ሉሉ ዝም አላለችም። እንዳለው ለማየት ይሁን የራሷን ልታሳየው፣ ምላሷን አውጥታ ዘረጋችለት። ታከለም አያት። ከአገጯ ጀምሮ እስከ ግንባሯ አያትና ጎንበስ አለ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሉሉ ባሰባት።

እንግዲህ ፍርዱን እናንተው ፍረዱ። ያለምወርቅ ምን ታድርግ? ከድስቱ ቂጥ ጥላሸት ፍቃ የልጅቱን ግንባር ቀባች፣ ፊቷንም በነጠላ ሸፈነች፤ ዓይን እንዳያገኛት። የዳሱን በር በጆንያ ጋረደች። የፍየል ቆዳ ቁራጭ ለምና እሳት ላይ ጥላ አጠነቻት። ወደ ድንኳኑ መሄዱን ተወችው፤ መንገዱ በሰውዬው ዓይን ፊት ነዋ የሚያልፈው። የድንኳኑ ሴቶች «በየቀኑ አምጫት፣ እንዳታቋርጪ» ብለዋታል። እሷ ግን ከተቅማጡ ይልቅ ዓይኑን ፈራች። በዚያ ሙቀት፣ በዚያ ጭስ ውስጥ፣ ሉሉ ከነጠላው ሥር ሆና «ውሃ… ውሃ…» ትላለች። እናቷ ነጠላውን ትንሽ ከፍ አድርጋ፣ የራሷን ፊት አዙራ፣ በእጇ ዳብሳ ታጠጣታለች። ፊቷን ማየት ፈራች። የሉሉ ወንድም ፊት በመጨረሻው ቀን እንዴት እንደነበረ ታውቃለቻ።

በማግስቱ የበሩ ጆንያ ተነቃነቀ። ታከለ ነበር። ያቺ ምላሷን ያወጣችለት ልጅ ስትቀርበት ጊዜ ሊፈልጋት መጥቷል። በእጁ በጣሳ ወተት ይዟል። በሩ ላይ ቆሞ በጭሱ ውስጥ ወደ ተሸፈነችው ልጅ ተመለከተ።

ያለምወርቅ ምን እንደያዛት አታውቅም። ከምድጃው አመድና አሸዋ ዘግና ዓይኑ ውስጥ በተነችበት።

«ውጣ! ውጣልኝ! እሷን አትበላትም!»

ሰውዬው አልጮኸም። ጎንበስ ብሎ ዓይኑን በክንዱ አሸ፣ አሸ። ከዚያ እየዳበሰ ጣሳውን መሬት ላይ አስቀምጦ ወጣ። ያለምወርቅም ጣሳውን አንሥታ ወተቱን ደፋችው። በረሃብ ዘመን፣ ልጆቼ፣ ወተት ደፋች! የተሰነጠቀው ዋልካ በአንድ ትንፋሽ ጠጣው።

ቀጥሎ ባለው ቀን ሉሉ ውሃ መጠየቋንም ተወች። ያለምወርቅ ልጅቷን ለፋናዬ አደራ ብላ ለማጠኛ የሚሆን ጤና አዳም ፍለጋ ወደ ሰኪና ሄደች። ሰኪና የገላባት ልጅ ናት፤ ሐበሻ እስላም፣ በመጠለያው ዳር ሻይ የምትሸጥ፣ ያላት ሲያልቅባት ትኩስ ውሃ በስኳር የምትሰጥ።

«ታዓሊ፣ ነይ፣ ቁጭ በይ» አለቻት። ከዚያ ፊቷን ኮስተር አደረገች። «አንቺ ነሽ አሉ የታከለን ዓይን ያጠፋሽው።»

«ቡዳ ነው።»

«ወላሂ ከሱ ቀድሞ የኔ ጀበና ቡዳ ይሆናል! ያ ወተት የማን መሰለሽ? ከራሱ ጉሮሮ የቀረ ነው። መስኪን!» ሰኪና የምታጥበውን ብርጭቆ አስቀመጠች። «ያ ሰው ዝም ከማለቱ በፊት እዚህ በርጩማ ላይ ይቀመጥ ነበር። አፉ ወፍጮ ነበር፤ ስንቱን አስቆናል። ሚስቱ ኸመንገድ ላይ ስትደክምበት እንዳያያት ብሎ ወደፊት ወደፊት ሄደ። ሲመለስ አልቆየችውም። ፊቷን ሳያይ ቀበራት። ይኸ ነገር አላስቀምጠው ሲል ቆላ ወደ አንድ ገዳም ገባ። እዚያ ያሉት አባት ናቸው ዝም በል ያሉት።»

«ዝም ብሎ ምን ሊሆን?»

«እኔ ምን አውቄ። የናንተን ሃይማኖት የማውቀው በጾማችሁ ነው፤ ስትጾሙ ሻይ ያለ ወተት ትላላችሁ። ብቻ ከገዳሙ ተመልሶ አፉን ሊዘጋ ሲል እንደነገረኝ፣ ቤተ ክርስቲያናችሁ ውስጥ ሥዕል አለ፣ ሥዕሉ ላይ መጋረጃ አለ። መጋረጃውን ገልጣችሁ፣ ሰግዳችሁ፣ አይታችሁ ነው የምትሄዱት። አይደለም?»

«ነው።»

«አባትየው ‹የሰው ፊትም እንደዚያው ነው፤ ሠዓሊው አንድ ነው። አንተ ግን ሳትገልጥ አለፍክ። እስክታይ ድረስ ዝም በል፣ ዝም ብለህ እይ› አሉት። እንግዲህ እሱ ይሰግድላችኋል፣ እናንተ አሸዋ ትበትኑበታላችሁ።»

ያለምወርቅ ጤና አዳሙን ሳትጠይቅ ተነሣች። ስትሄድ አንድ የነበረው ፍርሃቷ ሁለት ሆነ። ሰውዬው ቡዳ ከሆነ ልጄ ተበልታለች። ካልሆነ ደግሞ ምግቧን የደፋሁባት፣ መንገዱን የዘጋሁባት እኔ ነኝ። የትኛው እንደሚያስፈራ መለየት አቃታት። እግሯ መሬት የሚረግጥ አልመስል አላት፤ መሮጥ ጀመረች።

ዳሷ በር ላይ ፋናዬ ሁለት እጇን አናቷ ላይ አድርጋ ቆማለች።

«ምነው? ፋናዬ፣ ምነው?»

«እጇ… እጇ ቀዘቀዘ። ጠራኋት፣ ጠራኋት፣ ዝም አለች።»

«ፊቷን አየሽው?»

«ኧረ እኔ መግለጥ ፈራሁ!»

ያለምወርቅ ገብታ ተንበረከከች። እጇን ወደ ነጠላው ዘረጋች፣ መለሰች። ደግማ ዘረጋች፣ መለሰች። ከነጠላው ሥር ያለው ምን እንደሚመስል ሳታየው ታየው ነበር። እግሯን ነካቻት፤ ቀዝቅዟል። ያኔ ጮኸች።

የሚቀብሩት ሰዎች መጡ። በዚያ ሙቀት ሬሳ አያሳድሩም፤ አይጠይቁም፣ አይገልጡም። ስንቱን ገልጠው ይችሉታል? አንደኛው ሉሉን ከነነጠላዋ በሰሌን ጠቅልሎ በክንዱ አቀፋት፤ ሌላኛው ዶማውን ትከሻው ላይ አደረገ። ፀሐይ አናት ላይ ናት። ያለምወርቅ የፋናዬን ክንድ ይዛ፣ የተሸካሚውን ተረከዝ እያየች ተከተለች።

ግራሩ ጋ ሲደርሱ ታከለ መንገዱ መካከል ቆሞ ነበር። ዓይኖቹ አብጠዋል፣ ቀልተዋል፣ ውሃ ያፈሳሉ። ጫማውን አወለቀ። በዚያ በሚያቃጥል አፈር ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ሰገደ። ተነሥቶም እጁን ወደ ሰሌኑ ዘረጋ።

«እንዳትነካት!» አለች ያለምወርቅ። «ምን ቀረህ ኸሷ? ምን ቀረህ!»

«ሰውዬ፣ ዞር በል ከመንገድ» አለው ባለዶማው።

ታከለ ዞር አላለም። ሰሌኑን ገለጠ። ነጠላውን ገለጠ። ሰዎቹ እንደ ልማዳቸው ፊታቸውን ወደ ሜዳው አዞሩ። ፋናዬ ዓይኗን ጨፈነች። ያለምወርቅ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። በዚያ ሜዳ ላይ የምታይ አንድ ጥንድ ዓይን ብቻ ቀረች፤ እሷም አሸዋ የገባባት።

ከአገጯ ጀመረ። ቀስ ብሎ ወጣ። ከንፈሯ ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ውሃ» አለ አንድ ድምፅ።

ከማን አፍ እንደወጣ ማንም አላወቀም። የዛገ በር ሲከፈት የሚያሰማውን ድምፅ ይመስላል።

«ትተነፍሳለች። ውሃ! ውሃ አምጡ!»

ባለዶማው ዶማውን ጣለ። ተሸካሚው ወደ ድንኳኑ ሮጠ፤ ታከለም ሮጠ፤ ያለምወርቅ እየወደቀች እየተነሣች ተከተለች። ድንኳኑ ውስጥ ሂያም የምትባል የገዳሪፍ ነርስ ነበረች። ልጅቱን አስተኝታ ደረቷን አዳመጠች፣ አንገቷን በጣቷ ያዘች፣ ከዚያ ስኳርና ጨው የተበጠበጠበት ውሃ በብርጭቆ፣ ከማንኪያ ጋር ለያለምወርቅ አስጨበጠቻት።

«ሹፊ!» አለቻት በዐረብኛ፣ እዪ ስትላት፣ በጣቷ የሉሉን ጉሮሮ እያሳየች። አማርኛዋ የተሰባበረ ነው። «ጠብታ። አንድ ጠብታ። ዋጠች? ሌላ ጠብታ። አልዋጠች? የለም። ታንቃለች። ዓይን ከዚህ አይነሣም። ሹፊ!»

ያለምወርቅ ማንኪያውን ሳታይ ወደ ልጅቷ አፍ ሰደደች፤ ግማሹ ፈሰሰ። ዓይኗን ወደ ልጅቷ ፊት ማንሣት አቃታት። ያኔ ቡዳ ነው ወዳለችው ሰው ዞረች።

«አንተ እያት» አለችው። «በእግዜር ይዤሃለሁ፣ አንተ እያትና ንገረኝ። እኔ እፈራለሁ።»

ታከለ ራሱን ነቀነቀ። «አንቺ።»

«እፈራለሁ እኮ!»

«እኔም እፈራለሁ» አለ። ሌላ ቃል ሲፈልግ አፉ ተንቀሳቀሰ። «እየፈራሁ ነው የማየው።»

ሌላ ምክር አልሰጣትም። ከጎኗ ተንበረከከ፣ ያ ብቻ።

ያለምወርቅም አየች። መጀመሪያ ያየችው የልጇን ፊት አልነበረም፤ መንገድ ላይ የቀረውን የልጇን ወንድም ነበር ያየችው። ልትሸሽ ፈለገች፣ ዓይኗን ግን አላነሣችም። ቆይቶ ያ ፊት እንደ መጋረጃ ወደ ጎን ሄደ፣ ከኋላው ሉሉ ወጣች። ሽፋሽፍቷ ላይ የዳሱ ጢስ ያሳረፈው አመድ አለ። ግንባሯ ላይ በገዛ እጇ የቀባቻት ጥላሸት ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ከንፈሯ ተላጧል። ከአገጯ ሥር ግን አንዲት ክር የምታክል የደም ሥር ትመታለች። ደከም እያለች፣ ቆም እያለች፣ ግን ትመታለች። ይህች የደም ሥር ከነጠላው በታች ብቻዋን ስትመታ ነበር፤ ወደ መቃብር ሲወስዷትም እየመታች ነበር።

ጠብታ። ጉሮሮዋን አየች። ዋጠች። ጠብታ። አልዋጠችም፤ ያለምወርቅ ትንፋሿን ያዘች። ዋጠች።

እንዲህ እንዳለች ፀሐይዋ ዞረች። ፍርሃቱ ለቀቃት እንዳትሉኝ፤ አለቀቃትም፣ ሆዷ ውስጥ ቁጭ ብሎ ነበር። ግን እያየች ስትቆይ ከፍርሃቱ ጎን ሌላ ነገርም ተቀመጠ። ይህችን ልጅ አንድ የሠራት እጅ አለ፣ እሱም እያያት ነው፣ አሁንም፣ ከእኔ ጋር አብሮ፤ ይህን አፏን ሳትከፍት አወቀችው። ሂያም ልጅቱን ለማገላበጥ ስትመጣ ያለምወርቅ ለአፍታ ቀና አለች። ድንኳኑ ያው ትናንት የምታውቀው ድንኳን ነው፤ ሽታው ያው፣ ዝንቡ ያው። ግን በየሰሌኑ ላይ ፊት ነበረ። ያቺ አፍንጫዋ ሰልካካ የሆነች፣ ያ በእንቅልፉ የሚኮሳተር፣ ያቺ የልጇን እግር ይዛ የምታንጎላጅ እናት። የት ነበሩ እስከ ዛሬ? ያለምወርቅ ሳይታወቃት ጎንበስ አለች።

ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ሉሉ ዓይኗን ገለጠች። እናቷን አየች። ከዚያ ከጎኗ የተንበረከከውን፣ ዓይኑ ያበጠውን፣ ጢሙ የጎፈረውን ሰውዬ አየች። መናገር አልቻለችም። የደረቀ የምላሷን ጫፍ በከንፈሮቿ መካከል ብቅ አደረገች፤ ውሃ ፍለጋ ነው እንጂ ሌላ አይደለም ትሉ ይሆናል።

ታከለ ግን የገባው እንደገባው ነው። ያ ሁሉ ሰው የሚፈራው ሰውዬ አፉን ከፍቶ ረጅም ምላሱን ዘረጋላት።

ሂያም ሳቀች። ፋናዬ ከበሩ ሆና «አለው ለካ!» አለች፤ ከዚያ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች።

ታከለ ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ዝምታው ተመለሰ። ያለምወርቅ እግሩ ላይ ልትወድቅ ስትል ክንዷን ይዞ ወደ ልጇ አዞራት።

በማግስቱ ማለዳም ዶማው ጮኸ። ጧ፣ ጧ። የያለምወርቅ እጅ እንደ ልማዱ ወደ ሉሉ ጆሮ ሄደ። ግን ልጅቷን ለሂያም ትታ ተነሣችና ወደ ግራሩ ሄደች፣ ከታከለም ጎን ቆመች። ሰሌን የያዙ ሰዎች ሲመጡ «ቆዩ» አለቻቸው። እየፈራች ሰገደች፣ ገለጠች፣ ከአገጭ እስከ ግንባር አየች፣ መልሳ ሸፈነች። ሌላ ቀን ፋናዬም መጣች። «እኔ ኸኋላሽ ሆኜ በአንድ ዓይኔ አያለሁ» ብላ ነበር፤ ቆይቶ ግን በሁለቱም አየች።

ሌላ የሚተነፍስ አልተገኘም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አልተገኘም። ግን ከዚያ ወዲያ በዚያ ሜዳ ላይ ፊቱን ሰው ሳያየው አፈር የገባ አልነበረም። አንዳርጌም ከሀዋታ በተመለሰ ጊዜ ሚስቱን የት ናት ብሎ ሲጠይቅ «ኸግራሩ ሥር ኸዝምተኛው ጋር ነች» አሉት። ሄደ። ሉሉ በጥላው ተቀምጣ ለሚያልፈው ሰው ሁሉ ምላሷን ታሳያለች።

በቃ፣ ይኸው ነው። አሁን ተነሡ፣ ወደየቤታችሁ ሂዱ። በመንገዳችሁ ግን ፊቱ የተሸፈነ ሰው ብታገኙ፣ በነጠላም ይሁን በሐዘን፣ ብትፈሩም ቆም በሉና እዩት፤ ያኔ ያቺን ከአገጭ ሥር የምትመታ ክር አስታውሱልኝ። አደራ።